የቆርቆሮው ብር የገዛው ድምፅ

በብቸና ከተማ እንደኔ ያለ ጆሮ የለም። ጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን ማስረጃ አለኝ። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ለቤታችን ጣሪያ ያጠራቀመውን ብር ኪሱ ከትቶ፣ ያን ሁሉ ዘፈን አዋቂ ነኝ ባይ እዚሁ ጥሎ፣ እኔን ሞጣ ድረስ ይዞኝ የሄደው አምፕሊፋየርና እስፒከር እንድመርጥለት ነው። እስቲ ሌላ እንዲህ ያለ ልጅ ጥሩልኝ!

አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። ይህን ታሪክ ለስንቱ አውርቼ ስንቱን አፉን አስከፍቻለሁ። ዛሬ ግን ያኔ እንዳየሁት ልናገርና፣ ኋላ የደረስኩበትን በየመሀሉ ጣል እያደረግሁ ልሂድ።

በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ታመምኩ። ከትኩሳቱ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም፤ አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአልጋ ስነሳ ዓለም ሁሉ ጨዋ ሆኖ ጠበቀኝ። የጎረቤታችን የእትዬ ሀብትነሽ አውራ ዶሮ፣ ያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያብድ፣ መጮኹን ትቷል። ውሻቸው አጥሩ ሥር ቆሞ ሰው ባለፈ ቁጥር ያዛጋል እንጂ አይጮህም። የዝገት ቀዳዳ የበዛበት ቆርቆሯችን ላይ በረዶ ሲወርድ እናቴ ሸዋነሽ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ትማረራለች፤ እኔ ደግሞ «እማዬ ስታካብድ!» እያልኩ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውኃ በጎድጓዳ ሳህን እቀበላለሁ። ጠብታው እንኳ በጨዋ ደንብ ነበር የሚወርደው።

ሰዉም እኔን ማክበር ጀመረ። ከኋላዬ የሚመጣ ሁሉ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ፊቴ ቆሞ፣ አፉን ደህና አድርጎ ከፍቶ ነው የሚያናግረኝ። ትምህርት ቤት ቲቸር ሄለን ከመጨረሻው ዴስክ አንስታ ከፊት፣ ከራሷ ወንበር አጠገብ አስቀመጠችኝ። ጎበዝ ተማሪ ከፊት ይቀመጣል፤ ይኼ የታወቀ ነው። ስትጠይቀኝ የመጣልኝን እመልሳለሁ፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀልደኛ መሆኔ ለራሴም አዲስ ነገር ነበር።

አንድ ቀን አባዬ ትምህርት ቤት መጣ። አባዬ እንዳለው ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም። ከባንዲራው ሥር ከቲቸር ሄለን ጋር ሲያወሩ በመስኮት አየኋቸው። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ እሱ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል። ማታ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ከነገ ጀምሮ እቤት ነው የምትማሪው» አለኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ነበርኩ። እኔ የገባኝ ትምህርቱ አልቆብኝ እንደ ተመረቅሁ ነው። ለጎረቤት ልጆች በሙሉ ነገርኳቸው፤ ቀኑብኝ ብዬ ሁለት ቀን ስደሰት ሰነበትኩ።

ቲቸር ሄለን ያን ቀን ያለችውን የሰማሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከራሷ አንደበት ነው። «ስድሳ አምስት ልጅ ይዣለሁ አያ እንዳለው። አፌን እያየች ትገምታለች፤ ስትሳሳት ይስቁባታል፤ እሷ ደግሞ አብራ ትስቃለች። አብራ ስትስቅ ማየት አልቻልኩም» ነበር ያለችው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሳ። አባዬና እማዬ የሚያወሩት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለሆነ ቁርጥራጩ ነው የሚደርሰኝ። እማዬ ወደ ጣሪያው ትጠቁማለች፤ አባዬ ወደ እኔ ይጠቁማል። ዞር ሲሉ ከአፋቸው «ቆርቆሮ»ን፣ «ሞጣ»ን፣ «እስፒከር»ን ለቀምኩ። ሦስቱን ሳገጣጥም ነገሩ ፍንትው አለልኝ፦ አባዬ የስፌት መኪናውን ትቶ ሙዚቃ ቤት ሊከፍት ነው፤ እኔ ደግሞ ኃላፊ ልሆን ነው። የተመረቅሁትስ ለምን ሆነና!

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በአይሱዙ ተሳፈርን። እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አባዬ ጋቢውን አልብሶኝ፣ አንድ እጁን ከደረቱ ኪስ ላይ ሳያነሳ። ጉንደ ወይን ላይ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄዱት ወረዱ፤ አንድ ቄስ ሲወርዱ ግንባሬን በመስቀል ዳሰሱኝና ለአባዬ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አባዬ አንገቱን ደፋ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ሰዎቹ ለመነጋገር አንዱ የሌላውን ጆሮ ይይዛሉ። እኔ ግን መኪናው አልከበደኝም። እንደ ድመት ነበር የሚያንኮራፋው። ምን ዓይነት ጥሩ መኪና ነው፣ እያልኩ ሞጣ ደረስኩ።

የጋሽ ሳሊህ ሱቅ ከገበያው ጠርዝ ላይ ነበር። ሞጣ ሬዲዮና ቴፕ የተበላሸበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች መደርደሪያውን ሞልተውታል፤ ሽቦ አንጀታቸው ተዘርግፏል፤ የብየዳው ጭስ አፍንጫ ይኮረኩራል። ልጃቸው ኢልሀም፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ደፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«መጣህ አያ እንዳለው? እቺ ናት?» አሉ ጋሽ ሳሊህ።

«እቺ ናት» አለ አባዬ።

ዝናዬ ሞጣ መድረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃ ቀርቧል። አንደኛው ሰው ለቅስቀሳ የሚጮህበት የጡሩንባ ማጉያ ነው፤ እሱን ገና ሳየው ናቅሁት። ሁለተኛው ግን... እናንተዬ! አዲስ ዴክ፣ ብርማ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት እስፒከሮች ያሉት፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴና ቀይ መብራት እየወጣ እየወረደ የሚጨፍር። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሙዚቃ ቤታችን ደጃፍ ሰው ተሰልፎ ታየኝ። ይኼን ሳላስገዛ ብቸና አልገባም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጋሽ ሳሊህ በርጩማ አምጥተው ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርገው አስቀመጡኝ። አጎንብሰው፣ «ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ፤ ዝም ሲል አውርጂ። ዘወር ማለት የለም» አሉ።

ፈተና መሆኑ ነው። ፈተና ደግሞ እንዴት እንደሚታለፍ እኔን የሚያስተምረኝ የለም። ግድግዳው ላይ የመካ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። ዓይኔን ትንሽ ጠበብ ሳደርገው መካ ጠፍታ ከኋላዬ ያለው ሱቅ ሙሉው መስታወቱ ውስጥ ገባልኝ፦ አባዬ፣ ጋሽ ሳሊህ፣ የዴኩ መብራቶች። መብራቱ ሲጨፍር እጄን አነሳለሁ፤ ሲጠፋ አወርዳለሁ። አነሳለሁ፤ አወርዳለሁ። አንድም አልሳትኩ።

በመስታወቱ አባዬን አየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ያን ያህል ጥርሱ ታይቶ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የጋሽ ሳሊህን ትከሻ መታ መታ አደረገና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ በመሐረብ የተቋጠረው የቆርቆሮው ብር ወጣ። ቋጠሮውን በጥርሱ ይፈታ ጀመር።

ይኸኔ አንዲት ጣት መጥታ መስታወቱን ኳ አደረገች፤ ኳታው አልደረሰኝም፣ ጣቷን ነው ያየሁት። ኢልሀም ናት። አጠገቤ ጎንበስ ብላ፣ ጉንጯን ከጉንጬ አጋጥማ እኔ የማየውን እያየች ነበር። ቀና ብላ ወደ አባቷ ዞረች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ከጎን አየሁት።

«እያየች ነው! ባባ፣ እያየች ነው እንጂ እየሰማች አይደለም!»

ሌባ ጣቷን ቆርጬ ብጥልላት ደስ ባለኝ። ይቺ ጣት ባትኖር ኖሮ ዛሬ ቤታችን ጥግ የተበላሸ ዴክ፣ ከጥጉ ደግሞ ምንም ያልተማረች እኔ እንኖር ነበር። ይኼንን ለኢልሀም ነግሬያት አላውቅም፤ ትጠግብብኛለች።

ጋሽ ሳሊህ ከትከሻቸው ፎጣቸውን አንስተው መካን ሸፈኗት። እንደገና ተቀመጥኩ።

ጠበቅሁ። ፎጣው ላይ ያሉትን መስመሮች ቆጠርኩ። አንዲት ዝንብ መጥታ ፎጣው ላይ አርፋ እግሯን አሻሸች። ጠበቅሁ። ሲሰለቸኝ፣ «መብራት ጠፋ እንዴ?» አልኩና ዞርኩ።

መብራት አልጠፋም። አረንጓዴውና ቀዩ እንደ እብድ ይጨፍራሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንዘፈዘፋል። ኢልሀም ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች። ደጅ ሁለት መንገደኞች ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። አባዬ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎታል።

ወዲያው ገባኝ። ዕቃው ተበላሽቷል! ብድግ አልኩና ጣቴን ወደ ጋሽ ሳሊህ ቀሰርኩ፦ «የማይሠራ ዕቃ ሊሸጡልን ነው! አባዬ፣ ተነስ፣ እንሂድ!»

ጋሽ ሳሊህ አልተቆጡም። ዴኩን አጠፉ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው ወደ ውስጥ ገቡና፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ የብረት ነገር ታቅፈው ወጡ። የድሮ አምፕሊፋየር ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ጠርሙስ ልጅ ያሉ አምስት ብርጭቆዎች ተተክለዋል። ኢልሀም ደግሞ ሁለት የእንጨት ሳጥን በሁለት ብብቷ ይዛ ተከተለች፤ እያንዳንዱ ሦስት አራት ወፍራም መጻሕፍት ተደርበው ቢቆሙ የሚያህል። እስፒከር መሆናቸው ነው። አንደኛው ላይ፣ ከጎኑ፣ ቀለሙ በልቶ እንጨቱ ነጥቷል። አየሁት፤ የእጅ መዳፍ ቅርጽ አለው።

«ይኼማ የተፋቀ ነው፤ ዋጋ ይቀንሱልን» አልኳቸው።

ጋሽ ሳሊህ ያን የነጣ ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉ።

መዳፉ የእናታቸው የእማ ኸይራት ነው። ኢልሀም ካደግን በኋላ ነው የነገረችኝ። አሮጊቷ ጆሯቸው ከከዳቸው በኋላ መንዙማ የሚያዳምጡት እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጭነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ነበር። ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ገዢዎች ከባሕር ዳር ድረስ መጥተው ቢለምኗቸው ጋሽ ሳሊህ አልሸጡትም። ያን ዕለትም ሊሸጡት አስበው አልነበረም፤ ለዚህ ነው ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው።

«ይኼ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ እንደ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳ» አሉኝ ፊቴ ተጎንብሰው። «ያኛው ሲጨምሩት ይጮኻል። ይኼ ሲጨምሩት አይጮኽም፣ ይቀርባል።»

ማብሪያውን ተጫኑ። ምንም የለም። ከዚያ በአንደኛው ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ክር ቀላች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ሁሉም። አመድ ውስጥ ያለ ፍም ሲገልጡት እንደሚቀላ፣ ግን ጭስ የለው፣ አመድ የለው፤ በብርጭቆ ውስጥ የተዘጋ እሳት። ቀና ብዬ የዴኩን መብራት አየሁ፤ ድንገት የከረሜላ ልጣጭ መሰለኝ። እጄን ዘረጋሁ። ሙቀቱ ከመንገድ ላይ መጥቶ እንደሚቀበል ዘመድ መዳፌን ተቀበለው። እስትንፋሴን ይዤ ነበር፤ ብተነፍስበት የሚጠፋ መስሎኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጀርባዬን ከአንደኛው ሳጥን፣ ጆሮዬን ከሌላው አስጠጉኝ። ለአባዬ ማይክ ሰጡት።

አባዬ በሕይወቱ ማይክ ይዞ አያውቅም። ምን እንደሚባል ጠፋው። ሰው ሲለካ የሚለውን ነው ያለው።

መጀመሪያ ጀርባዬ ሰማ። አጥንቴ ውስጥ አንድ ነገር ተራመደ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ ከሩቅ፣ ከገደል ማዶ፣ እየቀረበ፣ እየቀረበ፦ «ትከሻ... ሠላሳ አንድ። ክንድ... አርባ ሦስት። ወይንእሸት። ወይንእሸት። ቁመት...»

የእኔ ልክ ነበር። የደንብ ልብሴ ልክ።

እጄን ማንሳት ረሳሁ። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ጠርዝ ነበረው፤ ውስጡ ጉሮሮ ነበረ፣ ምራቅ ነበረ፣ ሰው ነበረ። አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው ከወፍራም ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሲያናግረኝ እንደ ኖረ ያወቅሁት ጋቢው ሲገለጥ ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ «ሠ» መሀል አንዲት ቀጭን ፉጨት ታልፋለች። ይህቺን ፉጨት አውቃታለሁ፤ የት ሄዳ ነበር?

«ሠላሳ አንድ፣ አርባ ሦስት!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ! የወለቀችው ጥርስህ ታፏጫለች!»

ስዞር አባዬ ማይኩን እንደያዘ እንባው እየወረደ ነው። ደነገጥኩ። በሰው ፊት ጥርሱን አንስቼ አዋረድኩት ብዬ፣ «ትንሽ ብቻ ነው የምታፏጨው» አልኩ። ኢልሀም ሳቀች። ጋሽ ሳሊህ ወደ ግድግዳው ዞረው ፎጣቸውን ከመካ ላይ አነሱና ፊታቸውን ጠረጉበት።

ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ አባዬ ሙሉውን ቋጠሮ ሲዘረጋ፣ ጋሽ ሳሊህ ከላዩ ጥቂት አንስተው ሌላውን መልሰው ኪሱ ሲከቱለት አየሁ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ይከስራል ብዬ አዘንኩላቸው። ለእኔ ደግሞ በጣታቸው አስጠነቀቁኝ፦ «ብርጭቆዎቹን በእርጥብ ነገር እንዳትነኪ። ውኃ ጠላቱ ነው።»

ማታ ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የአባዬን ትከሻ አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ከኋላው መንገዱን አየች።

«ቆርቆሮውስ?»

አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ አንድ ነገር ነገራት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም አይነግሩኝም። እማዬ ብቻ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብላ፣ የነጣውን ቦታ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ከቤቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነው ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኗን ይዛ ወደ አልጋዋ ሥር ሄደች።

ሙዚቃ ቤቱ ሳይከፈት ቀረ። እኔ ምርቃቱን ስጠብቅ፣ አባዬ በየቀኑ ከስፌት መልስ ማይኩን ይዞ ከቲቸር ሄለን የተላከውን ደብተር ያነብልኛል፤ እኔ ጀርባዬን ለሳጥኑ ሰጥቼ እጽፋለሁ። ዕቃ እየሞከርን ነው ብዬ ሁለት ዓመት አመንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቸር ሄለን ራሷ እየመጣች ማይኩን ትይዛለች። ማካፈልን፣ የእንግሊዝኛ ፊደልን፣ የደም ዝውውርን የሰማሁት በአከርካሪዬ ነው። ጋሽ ሳሊህ በመለሱት ብር አባዬ አራት ቆርቆሮ ገዛ። የት ላይ መታው? ከአምፕሊፋየሩ በላይ። «ውኃ ጠላቱ ነዋ!» አለ። እማዬ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም።

ሙዚቃ ቤቱ ኋላ ተከፍቷል፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዚያችው ደረቅ ጥግ ሞባይል ቻርጅ አደርጋለሁ፣ በሚሞሪ ዘፈን እጭናለሁ፣ ዕቃ ለሚገዛ ምክር እሰጣለሁ። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ልጅ ከጉንደ ወይን መጣ። በትንሽ ብር ለቤቱ አምፕሊፋየርና እስፒከር መግዛት ይፈልጋል። ጎበዝ አማካሪ አገኘ።

«መብራቱን አትይ» አልኩት። «መብራት ለዓይን ነው። ትልቅነቱንም አትይ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ትልቅ ሳጥን ግድግዳ ነው የሚያስጮኸው። ዘፈን አታስከፍት፤ ሰው አስናግርበት፣ የምታውቀውን ሰው። እጅህን ሳጥኑ ላይ ጫን። የምታውቀው ሰው ከመጣልህ ግዛው።»

ልጁ ብርጭቆዎቹ ሲቀሉ እያየ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እንዲህ ሲደነቁልኝ አልችልም፤ ጨመርኩበት።

«ይኼን የመረጥኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ጆሮዬ። ሞጣ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንደኔ ያለ ጆሮ—»

እማዬ ከወዲያኛው ክፍል የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ልትደፋ ስታልፍ ቆመች። አሥር ዓመት ሙሉ ያን ማይክ በእጇ ነክታው አታውቅም። ሳህኑን መሬት አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ውኃ ጠላቱ ነዋ። ማይኩን አነሳች። መዳፌ ሳጥኑ ላይ፣ እማ ኸይራት ያነጡት ቦታ ላይ ነበር፤ ድምጿ መጀመሪያ በዚያ ገባ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፦

«ጆሮ ቢኖርሽማ እኔ ጣሪያ ይኖረኝ ነበር።»